የስኖውሞቢል ሞተር ወይስ የአልትራላይት? ለትንሽ አውሮፕላን ሞተር ስትመርጡ

ሚኒሶታ ወይም አልበርታ የምትኖሩ ታውቁታላችሁ። በረዶው መቅለጥ ሲጀምር ያገለገለ ስኖውሞቢል (በረዶ ላይ የሚነዳው ባለ ሞተር ተሽከርካሪ) በየደጁ ለሽያጭ ይወጣል። ፍሬሙ የተጣመመ፣ ሞተሩ ግን «አንደኛ ነው» የሚባል። አልትራላይት፣ ማለትም በጣም ቀላል የሆነ ትንሽ አውሮፕላን፣ የሚሠራ ሰው ይህን ሲያይ መጎምጀቱ አይቀርም። ለአውሮፕላን ተብሎ ከተሠራው ሞተር ዋጋ ጋር ሲነጻጸር በነጻ እንደማግኘት ነውና። ደግሞ ሁለቱም ቱ-ስትሮክ (ዘይቱን ከቤንዚኑ ጋር የሚያገኝ ሞተር) ናቸው፣ ሁለቱም ሁለት ሲሊንደር አላቸው፣ አንዳንዴም ከአንድ ፋብሪካ ነው የወጡት። ታዲያ ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው?

የኔን ሐሳብ ከወዲሁ ልናገር። ብረቱ ዘመድ ነው፣ ሥራው ግን አይገናኝም። በርካሽ የተገዛው የስኖውሞቢል ሞተር አየር ላይ እስኪወጣ ድረስ ርካሽነቱ ብዙ ጊዜ ያልቃል። ከዚህ ወጣ ያለ አንድ ጉዳይ አለ፣ እሱን ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

ዝምድናው ከየት መጣ

አልትራላይት የተወለደው ሃንግ ግላይደር (ሰው ተንጠልጥሎ ያለ ሞተር የሚበርበት ክንፍ) ላይ ሞተር በማሰር ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ጆን ሙዲ የተባለ አሜሪካዊ ባለ ሁለት ደርብ ክንፍ ግላይደር ላይ የጎ-ካርት ሞተር ገጥሞ በረረ። በቀጣዩ ዓመት ኦሽኮሽ በሚባለው የአውሮፕላን ትርኢት ላይ ለሕዝብ አሳየው። ያኔ ለእንዲህ ያለ ነገር ተብሎ የተሠራ ሞተር ስላልነበረ ሰው ያገኘውን ነበር የሚገጥመው፤ የዛፍ መቁረጫ መጋዝ፣ የጎ-ካርት፣ ቀጥሎም የስኖውሞቢል። ሚኒሶታ ውስጥ ይሠራ የነበረው የኩዩና ሞተርና የካዋሳኪ 440 በ1980ዎቹ መጀመሪያ ብዙ አልትራላይቶች ላይ ነበሩ። ሁለቱም መጀመሪያ የታሰቡት ለበረዶ ነው።

የኦስትሪያው ሞተር ሠሪ ሮታክስ ደግሞ በ1970 በቦምባርዲየር ተገዛ፤ ስኪ-ዱ የተባለውን ስኖውሞቢል ያኔ ይሠራ በነበረው የካናዳ ኩባንያ ማለት ነው። ስለዚህ በአልትራላይት ዓለም ስሙ የገነነው ሮታክስ 503 በረዶ ላይም ወንድም አለው። «ያው ነው» የሚለው ወሬ የመጣው ከዚህ ነው። ሲሊንደሩን ብቻ ለሚያይ ሰው እውነት ይመስላል። ሲሊንደሩ ዙሪያ ያለው ነገር ግን ሌላ ነው።

የዳገቱ ጉዳይ

ስኖውሞቢል የሚነዳ ሰው ጋዝ ይሰጣል፣ ይለቃል፣ ይታጠፋል። ኮረብታ ሲያገኝ ለጥቂት ሰከንድ እስከ ጥጉ ይጨምቀዋል። ከዚያ ቆሞ ከቴርሞሱ ቡና ይቀዳል። ሞተሩ ሙሉ ጉልበቱን የሚያወጣበት ጊዜ አጭር ነው።

አውሮፕላን ላይ ለመነሳት ሙሉ ጋዝ ነው። ከፍታ ለማግኘትም ለደቂቃዎች ሙሉ ጋዝ ነው። ከዚያ በኋላም ከጉልበቱ ሁለት ሦስተኛውን ወይም ሦስት አራተኛውን ሳያቋርጥ መስጠት አለበት። ጭነት የሞላ አይሱዙ ከአባይ በረሃ ወደ ጎሃ ጽዮን ሲወጣ አስቡት። የአልትራላይት ሞተር በረራውን ሙሉ እዚያ ዳገት ላይ ነው።

ሞተሩ ቢቆምስ? በረዶ ላይ ከሆነ ብርዱን ችላችሁ ስልክ ትደውላላችሁ። አየር ላይ ከሆነ ማረፊያ ሜዳ ትፈልጋላችሁ። የሮታክስ ቱ-ስትሮክ መመሪያ መጽሐፍ ራሱ ሞተሩ በድንገት ሊቆም እንደሚችል አይሸሽግም። ያለ ሞተር በሰላም ማረፍ ከማይቻልበት ቦታና ከፍታ ላይ እንዳይበርሩ ያስጠነቅቃል። ለአውሮፕላን ተብሎ የተሠራው እንዲህ ከተባለ፣ ለበረዶ የተሠራውን ስትገጥሙ ምን ያህል መጠንቀቅ እንዳለባችሁ ገምቱት።

120 ፈረስ ከየት መጣ?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ሮታክስ 582 የአውሮፕላን ሞተር 580 ሲሲ ገደማ ነው። በደቂቃ 6,500 ዙር እየዞረ 65 የፈረስ ጉልበት ያወጣል። ዘመናዊ ባለ 600 ሲሲ የስኖውሞቢል ሞተር ደግሞ 8,000 ዙር አካባቢ እየዞረ 120 ገደማ ያወጣል። ሲሲው ተቀራራቢ ሆኖ ጉልበቱ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው! ታዲያ የአውሮፕላኑ ለምን ሰነፈ?

አልሰነፈም፣ ተገትቶ ነው። የስኖውሞቢሉ ሞተር የጭስ ማውጫው ቅርጽም ሆነ የሲሊንደሩ ቀዳዳዎች የተለኩት ለአንድ ጠባብ የዙር ክልል ነው። እዚያ ክልል ውስጥ ሲገባ ይጮሃል፣ ይበራል። ከዚያ ወረድ ሲል ግን ጉልበቱ ይሞታል። ስኖውሞቢል ላይ ይሄ ችግር አይደለም። የጎማ ቀበቶውና ሁለቱ የሚከፈቱና የሚዘጉ ፑሊዎች እንደ ፍጥነቱ ማርሹን ራሳቸው እየለወጡ ሞተሩን እዚያ ጠባብ ክልል ውስጥ ያቆዩታል።

ፕሮፔለር ይህን አያደርግም። ማርሹ አንድ ነው፣ አይለወጥም። ፕሮፔለር የሚጠይቀው ጉልበት ደግሞ ከዙሩ ጋር በኃይል ይጨምራል፤ ዙሩ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ ስምንት እጥፍ ይሆናል። ታችኛው ዙር ላይ ደካማ የሆነ ሞተር ፕሮፔለሩን ጎትቶ ወደ ጠባቡ ክልል ለመግባት ይቸገራል። ቢገባም እዚያው 8,000 ዙር ላይ ተሰቅሎ መቆየት ይኖርበታል። ለዚያ ደግሞ አልተሠራም። የአውሮፕላኑ ሞተር 65 ብቻ የሚያወጣው ያቺን 65 ሰፋ ባለ የዙር ክልልና ረዘም ላለ ጊዜ እንዲሰጥ ስለተፈለገ ነው።

ካምቢዮ የሌለው ሞተር ለፕሮፔለር አይሆንም

ስኖውሞቢል ስትገነጥሉ ከሞተሩ ጋር የሚወጣው ፍሪሲዮን (ያ የቀበቶው ፑሊ) ነው፣ ካምቢዮ አይደለም። ለፕሮፔለር ግን ዙር የሚቀንስ ካምቢዮ የግድ ነው። ምክንያቱን ሂሳቡ ይናገራል። 1.5 ሜትር የሆነ ፕሮፔለር በደቂቃ 6,500 ጊዜ ቢዞር ጫፉ በሰከንድ 510 ሜትር ይሄዳል። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ነው። ጫፉ ድምፅን ከቀደመ የሚተርፋችሁ ጩኸት ነው፣ ግፊት አይደለም። የሮታክስ ቢ ካምቢዮ 2.58 ለ 1 ሲቀንሰው ፕሮፔለሩ 2,520 ዙር አካባቢ ይዞራል፣ የጫፉ ፍጥነትም ወደ 200 ሜትር ይወርዳል። ከዚህ በኋላ አየሩን በደንብ ይነክሳል።

ካምቢዮው ሁለት ተጨማሪ ሥራዎች አሉት። ፕሮፔለር አውሮፕላኑን ወደፊት ሲጎትት ዘንጉንም አብሮ ይጎትታል። የስኖውሞቢል ክራንክሻፍት ከቀበቶው የሚደርስበትን የጎን ጉተታ ለምዷል፤ ወደፊት የሚስበውን ግን ኩሽኔታዎቹ አያውቁትም። ሁለተኛው ንዝረት ነው። ቱ-ስትሮክ በእያንዳንዱ ፍንዳታ ክራንኩን ይመታዋል፣ ከባድ ፕሮፔለር ደግሞ አልነቃነቅም ይላል። በመካከል የሚሰበረው ክራንክ ወይም የማርሽ ጥርስ ነው። ሮታክስ ለዚህ ሲል ካምቢዮው ውስጥ ማለዘቢያ አስገብቷል፣ ለእያንዳንዱ ካምቢዮም የፕሮፔለሩን የመሽከርከር ክብደት ገድቧል። ለቢ ዓይነቱ 3,000፣ ለሲ እና ለኢ ዓይነቶቹ 6,000 ኪሎግራም ስኩዌር ሴንቲሜትር ነው። ጋራዥ ውስጥ የተበየደ የቀበቶ መቀነሻ ይህን ቁጥር አይነግራችሁም።

በረዶ የሌለበት ማቀዝቀዣ

አብዛኛው በውሃ የሚቀዘቅዝ ስኖውሞቢል እንደ መኪና ያለ ራዲያተር የለውም። ሙቀቱ የሚወጣው ከወንበሩ ሥር ባለው የአሉሚኒየም ዋሻ ነው፤ ሰንሰለቱ የሚረጨው በረዶ እዚያ ላይ እያረፈ ያቀዘቅዘዋል። ነጂዎቹ ጠንካራ በረዶ ላይ ሲሄዱ ሞተሩ እንደሚግል ያውቁታል። ሰማይ ላይ ደግሞ በረዶ የሚረጭላችሁ የለም። ስለዚህ ራዲያተር፣ ቱቦና ተጨማሪ ውሃ፣ በዚያም ላይ ኪሎ ይመጣል። በፋን የሚቀዘቅዘው የቆየ ዓይነት በዚህ በኩል ይሻላል፤ ለዚህም ነው 503 በፋን የተወደደው።

ሞተር የሚነክሰው መቼ ነው

ሥራ ላይ እያሉ ከሚሞቱት ሞተሮች ብዙዎቹን የሚገድለው ይሄ መንከስ፣ ማለትም ፒስተኑ ሲሊንደሩ ላይ መጣበቁ ስለሆነ እዚህ ላይ ቆም እንበል።

ቱ-ስትሮክ ዘይቱን የሚያገኘው ከቤንዚኑ ጋር ነው። ቤንዚን ካነሰው ዘይትም አነሰው ማለት ነው፣ በዚያ ላይ ይግላል። የስኖውሞቢል ካርቡሬተር የተስተካከለው ለብርድ ነው። ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ያለ አየር 25 ዲግሪ ላይ ካለው ከ15 በመቶ በላይ ይከብዳል፣ ብዙ ቤንዚንም ይፈልጋል። ያንኑ ካርቡሬተር ሐምሌ ላይ ብታስነሱት ቤንዚን ይበዛበታል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ሞተሩ ያስላል። ባለቤቱ ይናደድና ጄቱን፣ ማለትም ቤንዚኑ የሚያልፍበትን ቀዳዳ፣ በትንሽ ይቀይረዋል። አሁን ሸጋ ሆነ። ከዚያ ጥቅምት ላይ አንድ ቀዝቃዛ ጠዋት ይመጣል፣ አየሩ ይከብዳል፣ ቅልቅሉ ይሳሳል። ፒስተኑም ይነክሳል።

አየር ላይ ደግሞ በረዶ ላይ የሌለ ወጥመድ አለ። አፍንጫውን ዝቅ አድርጋችሁ በግማሽ ጋዝ ስትወርዱ ነፋሱ ፕሮፔለሩን ያግዘዋል። ሞተሩ ሸክሙ ይቀልለታል፣ ዙሩ ግን አይወርድም፣ ቅልቅሉም ይሳሳል። የጭስ ሙቀት መለኪያው ሽቅብ ይወጣል። ሰው «እየወረድኩ ነው፣ ሞተሩ እያረፈ ነው» ብሎ በሚያስብበት ሰዓት ነው የሚያቃጥለው። 503 ላይ መደበኛው የጭስ ሙቀት ከ460 እስከ 580 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው፣ ጣሪያው 650። የሲሊንደሩ ራስ ሙቀት ጣሪያ ደግሞ 250 ነው። እነዚህን ሁለት መለኪያዎች ሳይገጥሙ ቱ-ስትሮክ ማብረር ለኔ ዓይንን ጨፍኖ መንዳት ነው። ብዙ ስኖውሞቢል ላይ ደግሞ የጭስ ሙቀት መለኪያ ከፋብሪካው አይመጣም።

የነከሰ ሞተር ከተከፈተ ፒስተኑ ራሱ ምን እንደደረሰበት ይናገራል። ጭስ በሚወጣበት በኩል ብቻ ተፍቆ አሉሚኒየሙ ከቀለጠ፣ ፋሻዎቹም ቦታቸው ላይ ከተጣበቁ፣ ቤንዚን አንሶት ወይም ግሎ ነው። አራት ማዕዘን ላይ ቀጥ ያለ የመፋቅ መስመር ካያችሁ ደግሞ ቀዝቃዛ ሆኖ ነው የተጨመቀው። ፒስተኑ ሞቆ አበጠ፣ ሲሊንደሩ ገና አልደረሰበትም። ይሄ ሳያሞቁ ሙሉ ጋዝ መስጠት ነው። ወይም ጋዝ ዘግቶ ረጅም ርቀት ተንሸራትቶ ወርዶ በድንገት መክፈት። 582 ላይ ውሃው 65 ዲግሪ ገደማ ሳይደርስ መነሳት የለም። ያገለገለ ሞተር የምትገዙ ከሆነ የጭስ ማውጫውን አውልቃችሁ በባትሪ መብራት በቀዳዳው በኩል ፒስተኑን እዩ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም፣ ሻጩ ከሚያወራው ሁሉ የበለጠ ይነግራችኋል።

ካንዴላና ኮምፒውተር

ለአውሮፕላን የወጡት 582ና ኋለኞቹ 503ዎች ለእያንዳንዱ ሲሊንደር ሁለት ካንዴላና ሁለት የተለያየ የእሳት መስመር አላቸው። አንዱ ቢሞት ዙሩ ትንሽ ይቀንሳል፣ ግን ወደ ሜዳው ትደርሳላችሁ። ከመነሳት በፊት አንዱን እያጠፉ መፈተሽ የተለመደ ነው። ስኖውሞቢል አንድ ካንዴላ ነው፣ አለቀ። የቆዩ 503ዎችም ባለ አንድ ናቸው፤ «503 ነው» ሲሏችሁ የትኛው እንደሆነ ጠይቁ።

ዘመናዊው ስኖውሞቢል ላይ ደግሞ ኮምፒውተሩ አለ። አንድ ሴንሰር ሲበላሽ ወይም ሙቀት ሲበዛ ሞተሩን ለማዳን ጉልበቱን ይቀንሳል፣ ቀስ ብላችሁ ወደ ቤት እንድትገቡ። በረዶ ላይ ብልህ ነው። ከመሬት 50 ሜትር ተነስታችሁ ከዛፎቹ በላይ ስትሆኑ ግን እሱ ሞተሩን ሲያድን እናንተን ዛፍ ላይ ሊያስቀምጣችሁ ይችላል። በዚህ ምክንያት አዲስ ቱ-ስትሮክ የስኖውሞቢል ሞተር ከአሮጌው ይልቅ ለአውሮፕላን የማይመች ነው ባይ ነኝ። ጉልበቱ ቢያስጎመጅም።

ዕድሜ በምን ይለካል

ስኖውሞቢል ሲሸጥ የሚነገረው ኪሎሜትር ነው። የአውሮፕላን ሞተር ዕድሜ የሚቆጠረው በሰዓት ነው። 5,000 ኪሎሜትር የሄደ ስኖውሞቢል በአማካይ በሰዓት 50 ከነዳነው 100 ሰዓት ሠርቷል። ትንሽ ይመስላል። ግን ሮታክስ ለ503ና ለ582 የሰጠው የኦቨርሆል (ሞተሩ ተፈትቶ የሚታደስበት) ጊዜ 300 ሰዓት ብቻ ነው፣ ያውም በአግባቡ ለተያዘ። ፎር-ስትሮኩ ሮታክስ 912 ግን አሁን 2,000 ሰዓት ይደርሳል።

ከፍታም አለ። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል። ዴንቨር አካባቢ ያላችሁ ይህን ታውቃላችሁ። አዲስ አበባ ቦሌ ከባሕር በላይ 2,334 ሜትር ነው። እዚያ 50 ፈረስ የተባለ ሞተር ከአምስት አንዱን ያህል አጥቶ ነው የሚነሳው። ደጋ ላይ ለመብረር የሚያልም ሰው ሞተሩን ሲመርጥ ይህን ከአሁኑ ይቀንስ።

እና የቱን እንግዛ?

መጀመሪያ አውሮፕላኑን ንገሩኝ። አሜሪካ ውስጥ ክፍል 103 በሚባለው የ1982 ደንብ የሚበር ከሆነ፣ ባዶ ክብደቱ ከ254 ፓውንድ፣ 115 ኪሎ ገደማ ማለት ነው፣ በታች መሆን አለበት። ወንበሩም አንድ ነው። ደንቡ ፈቃድም የአውሮፕላን ምዝገባም አይጠይቅም። የሞተሩንም ዓይነት አይመርጥም። የስኖውሞቢል ሞተር ብትገጥሙ የሚከለክላችሁ የለም። የሚከለክላችሁ ሚዛኑ ነው። 912 ብቻውን 60 ኪሎ ገደማ ስለሆነ ከዚህ ጨዋታ ውጭ ነው።

ለዚህ ዓይነቱ በደንብ የተያዘ ሮታክስ 447 ወይም 503 ከነካምቢዮው ፈልጉ። ፋብሪካው ሁለቱንም መሥራት አቁሟል፣ ግን እነሱን የሚያውቅ ሜካኒክና መለዋወጫ አሁንም ይገኛል። አዲስ ካልሆነ አልገዛም የሚል ደግሞ የጀርመኑን ሂርት ይመልከት። የኩዩና ወይም የካዋሳኪ 440 ያለው አሮጌ አውሮፕላን በርካሽ ካገኛችሁስ? ክንፉና ፍሬሙ ጥሩ ከሆነ ግዙት፣ ሞተሩን ግን ለመቀየር በጀት ያዙ።

ከጎረቤት ግቢ የተነቀለ ቱ-ስትሮክ የስኖውሞቢል ሞተር? አልመክርም። ካምቢዮ፣ የጭስ ማውጫ፣ ራዲያተር፣ ማሰሪያ፣ መለኪያ፣ የካርቡሬተር ማስተካከያ፣ ሁሉም ከኪስ ነው። ደምሩት። ያገለገለ 503 ዋጋ አጠገብ ትደርሳላችሁ። እጅ ውስጥ የሚገባው ግን ማንም ያልሞከረው ነገር ነው። ሞተር መበርበር ራሱ ደስ የሚላችሁ ከሆነ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ያኔ መሬት ላይ አስራችሁ ብዙ ሰዓት አሠሩት።

ወደ ኋላ እመጣበታለሁ ያልኩት የያማሃ ፎር-ስትሮኮችን ነው። ያማሃ አፔክስ በተባለው ስኖውሞቢል ላይ ያለው 998 ሲሲ፣ አራት ሲሊንደርና 150 ፈረስ የሆነ ሞተር ነው። ፌዘር በተባለው ላይ ያለው ደግሞ 499 ሲሲ ሆኖ 80 ያወጣል። እነዚህ ዘይታቸውን ለብቻው የያዙ ስለሆኑ ቱ-ስትሮክ እንደሚነክሰው አይነክሱም። በእጅ በሚሠሩ አውሮፕላኖችና ጋይሮኮፕተሮች ላይ ስለገቡ ለእነሱ ተብሎ የተሠራ ካምቢዮ ይሸጣል፣ ልምዱ ያላቸው ሰዎችም አሉ። ዙራቸው ግን ከፍተኛ ነው፣ ክብደታቸውም ለ115 ኪሎው አይሆንም። ያማሃ ደግሞ ከስኖውሞቢል ንግድ እንደሚወጣ በ2023 አስታውቋል። ባለ ሁለት ወንበር፣ ተመዝግቦ የሚበር አውሮፕላን የሚሠራና እጁ የተፈታ ሰው 912ን ከዚህ ጋር ቢያወዳድር አልፈርድበትም። እጁ ያልተፈታው 912ን ይግዛ። ዋጋው ያስደነግጣል፣ ግን ቅዳሜና እሁድ ጋራዥ ውስጥ ሳይሆን አየር ላይ ነው የሚያሳልፈው።

ያገለገለ ቱ-ስትሮክ ለማየት ስትሄዱ ከፒስተኑ ሌላ አንድ ነገር እዩ። ካንዴላዎቹን አውልቁና ፕሮፔለሩን በእጅ ቀስ ብላችሁ አዙሩ። ለዓመታት ቆሞ የከረመ ሞተር የክራንኩ ኩሽኔታ ይዝጋል፤ በተለይ ኤታኖል ያለበት ቤንዚን ውስጡ ከቀረ። ኮርኮር የሚል ነገር እጃችሁ ላይ ከተሰማ የክራንክ ወጪ አለባችሁ። የሰዓት መዝገብ የለውም ካሏችሁም እኔ ብሆን ኦቨርሆል እንደሚያስፈልገው ቆጥሬ ነው ዋጋ የምከራከረው።